ከአምፖሉ የተሰካ ስክሪን

ሁለተኛውን ስክሪን የገዛሁት መርካቶ ነው። ያገለገለ፣ 24 ኢንች፣ ቀኝ ጥጉ ላይ ጭረት ያለበት። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት። ረዳቱ "ቦታ ይዟል" ብሎ የሁለት ሰው አስከፈለኝ፤ መያዙስ ይዟል። የግቢውን በር በክርኔ ገፍቼ ስገባ አከራዬ በረንዳው ላይ ቡና ይለቅሙ ነበር።

"ምንድነው እሱ ልጄ? ቴሌቪዥን ነው?"

"አይ እማማ፣ የኮምፒውተር ስክሪን ነው።"

"አንድ አለህ አይደል እንዴ?"

"አለኝ። ይሄ ሁለተኛ ነው።"

ቡናውን መልቀም አቆሙ። "እንግዲህ የመብራቱን ነገር እንነጋገራለን" አሉ።

የመብራቱ ነገር እንዲህ ነው። ክፍሏን የተከራየሁት "መብራት ጨምሮ" ተብሎ ነው። በግቢው ቋንቋ ደግሞ መብራት ማለት አንድ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ነው። ምድጃ አይቻልም፣ ካውያ በፈቃድ ነው፣ ኮምፒውተር ስገባ ያልታሰበበት ጉዳይ ነው። ክፍሏ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተተከለ ሶኬት የለም። ያለው ጣሪያው መሃል የተንጠለጠለ አምፖል መያዣ፣ በአምፖሉና በመያዣው መካከል ደግሞ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ያለው ዕቃ ነው። ታውቁታላችሁ፤ በኪራይ ቤት ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ከእሱ አንድ ሽቦ እንደ ልብስ ማስጫ ተንጠልጥሎ ወደ ጠረጴዛዬ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ዲቫይደር አለ፤ ዲቫይደሩ ላይ ላፕቶፕ፣ ስክሪን፣ ዋይፋይ፣ ስልክ። ማታ አምፖሉን ካጠፋሁ ሁሉም ይጠፋል፤ ማብሪያ ማጥፊያው የጋራ ነው። ስለዚህ ለሊት ስሠራ መተኛት የሚፈልግ እንግዳ ካለ አምፖሉን በጨርቅ ይዤ እፈታዋለሁ።

አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ተምሬ በአምፖል ቀዳዳ የሚኖር ሰው መሆኔ ያበሽቀኝ ነበር። "እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት ነው" እል ነበር። በኋላ ስለ ሶኬት ታሪክ ማንበብ ስጀምር ግን ነገሩ ኋላ ቀርነት ሳይሆን መነሻው ራሱ ሆኖ አገኘሁት። የዓለም ቤቶች ሁሉ የተጀመሩት እንደ እኔ ክፍል ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቶማስ ኤዲሰን በመስከረም 1882 ኒው ዮርክ፣ ፐርል ስትሪት ላይ የኃይል ጣቢያውን ሲያስነሳ ለደንበኞቹ የሸጠው ብርሃን ነበር። ቤት ውስጥ የሚዘረጋ ሽቦ መድረሻው አምፖል ነው፤ ሌላ መድረሻ ለምን ያስፈልገዋል? ከዚያ ማራገቢያ መጣ፣ ካውያ መጣ፣ ዳቦ መጥበሻ መጣ። እነዚህን የሚሰኩበት ቦታ ግን ግድግዳው ላይ አልነበረም። ሰዉ ምን አደረገ? አምፖሉን ፈታና መሣሪያውን እዚያው አስገባ። በ1904 የኮነቲከቱ ፋብሪካ ባለቤት ሃርቪ ሀብል ለዚህ መፍትሔ ፓተንት አገኘ። ዕቃው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ እንደ አምፖል ተጠምዝዞ መያዣው ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው እግር አለው፣ ተሰክቶ ይነቀላል። አሜሪካኖች ዛሬም የሚጠቀሙበት ባለ ጠፍጣፋ እግር መሰኪያ የዚህ ዝርያ ነው።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው የሀብል ሶኬት የተሠራው ለግድግዳ አይደለም፣ ለአምፖል ቀዳዳ ነው። ጣሪያዬ ላይ ያለው ዕቃ የአጎቱ ልጅ ነው።

አማርኛችን ይህን ታሪክ ሳይረሳ ይዞታል። ፍሪጅ ሲቆም፣ ምጣድ ሲቀዘቅዝ፣ ኮድ ሳይቀመጥ ስክሪን ሲጨልም፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን "መብራት ሄደ" ነው የምንለው። አደጋ ሲሆን ደግሞ ሌላ ቃል እናወጣለን፤ "ኮረንቲ ያዘው"። ይሄኛው ከጣልያንኛ የመጣ ነው። እንግዲህ አንዱ ነገር ሲጠቅመን መብራት፣ ሲገድለን ኮረንቲ ነው።

ምኒልክ ቤተ መንግሥት በ1890ዎቹ መገባደጃ ላይ በጄኔሬተር ሲበራ የመጣው በእርግጥም መብራት ነበር። ከዚያ በ1910ሮቹ መጀመሪያ የአቃቂ ወንዝ ውሃ ተርባይን አዞረ። በ1956 ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1960 የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ፣ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ደግማችሁ አንብቡት። መብራት እና ኃይል። ሁለት ነገር ነው። በ1997 ኮርፖሬሽን ሲሆን "መብራት" የሚለው ከስሙ ወጣ፣ በ2013 ደግሞ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰዉ ግን እስከ ዛሬ "መብራት ኃይል" ነው የሚለው።

ሁለቱን ቃላት መለየት የስም ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ጣልያን አገር እስከ 1974 ድረስ ለብርሃን የሚውለውና ለሌላ ሥራ የሚውለው ኤሌክትሪክ ዋጋቸው የተለያየ ነበር። "ሉቼ" እና "ፎርዛ" ይሏቸዋል፤ ብርሃንና ጉልበት። ቆጣሪያቸው ሁለት፣ መስመራቸው ሁለት፣ ሶኬታቸውም ሁለት ዓይነት ነበር፤ የአንዱ መሰኪያ ሌላው ውስጥ አይገባም። ታሪፉ በ1974 ተዋሃደ፤ ሁለቱ ሶኬቶች ግን ዛሬም ጣልያን ግድግዳ ላይ አሉ። ሕግ ይሻራል፣ ቀዳዳ ይቀራል።

ይህን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። እማማ ጣልያንኛ አያውቁም፤ ግን ሉቼና ፎርዛን ለይተው ያከራያሉ። አምፖልና ቻርጀር ሉቼ ነው፤ ምድጃና ካውያ ፎርዛ ነው። የጭቅጭቃችን ሥር፣ ስክሪን የትኛው ነው የሚለው ነው። ያበራል፣ ብርሃን ይሰጣል፤ ግን አምፖል አይደለም።

እስኪ ወደ ዲቫይደሩ ልምጣ፤ ምክንያቱም የዓለም ጦርነት ሳይቀር እዚያ ላይ ተሰክቷል። ከላፕቶፑ ጋር የመጣው መሰኪያ ሁለት ክብ እግር ያለው የአውሮፓ ነው። ስክሪኑ ከዱባይ የመጣ ስለሆነ ሦስት ወፋፍራም ጠፍጣፋ እግር አለው፤ እሱ የእንግሊዝ ነው። ዋይፋዩ ሁለት ቀጫጭን ጠፍጣፋ እግር አለው፣ ማለትም የሀብል ዘመድ ነው። ጀርመኖች ከሁለቱ ጦርነቶች መካከል ባለው ጊዜ፣ ጎኑ ላይ የመሬት መስመር የሚነካውን ክብ ሶኬት ሠሩ። እንግሊዞች ደግሞ ቦምብ እየወረደባቸው ከጦርነቱ በኋላ ቤት እንዴት እንደሚሠሩ ያስቡ ነበር። በ1942 ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ካሮላይን ሃስሌት የተባለች መሐንዲስ ከአባላቱ አንዷ ነበረች። ደረጃው በ1947 ወጣ። መዳብ እጥረት ነበረባቸው፤ ስለዚህ አንድ ወፍራም ሽቦ ቤቱን ዞሮ ተመልሶ እንዲመጣ አደረጉና ፊውዙን በየመሰኪያው ውስጥ ከተቱት። ሕፃን ጣቱን ወይም ሚስማር እንዳያስገባም ቀዳዳዎቹን በመጋረጃ ዘጉ፤ መጋረጃው የሚከፈተው ረጅሙ የመሬት እግር ቀድሞ ሲገባ ብቻ ነው።

እኛ ምን እናደርጋለን? ባለ ሁለት እግር ቻርጀር አልገባ ሲለን የላይኛው ቀዳዳ ውስጥ እስክሪብቶ ወትፈን መጋረጃውን እንከፍታለን። ለልጆች ደኅንነት ያን ያህል የተጨነቁበትን ነገር በቢክ እስክሪብቶ መፍታት! እኔም አድርጌዋለሁ። ሳልዋሽ ብዙ ጊዜ ነው።

ዓለም በአንድ መሰኪያ ለመስማማት ያልሞከረ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ከ1906 ጀምሮ አለ። በ1986 ለሁሉም ይሁን ብሎ አንድ መሰኪያ አወጣ። በዚያን ጊዜ ግን በየአገሩ ስንትና ስንት ግድግዳ ተበስቷል፤ ማን አፍርሶ ይጀምራል? ብራዚልና ደቡብ አፍሪካ በየፊናቸው ከእሱ ተነሥተው የራሳቸውን አደረጉ፣ ሌላው ባለበት ቀረ።

የሚገርመኝ ሌላኛው ጫፍ ነው። የስክሪናችሁን ገመድ ከስክሪኑ ጀርባ ንቀሉትና ተመልከቱት። ያ ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ ሁለት ማዕዘኑ የተቆረጠ ጥቁር ነገር አዲስ አበባም፣ ቶኪዮም፣ ሳኦ ፓውሎም አንድ ነው። ያው ኮሚሽን በ1970 ያወጣው ደረጃ ነው። ግድግዳ ላይ መስማማት ያቃታቸው መሐንዲሶች ዕቃው ላይ ግን ተስማሙ፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል የሚፈርስ የቆየ ግድግዳ አልነበረም። ስለዚህ ከአንድ ሜትር ተኩል ገመድ አንዱ ጫፍ የዓለም ነው፣ ሌላው የመንደር።

ኮምፒውተርና ስክሪን ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ፣ አብሮት የሚሸጠው አረንጓዴ ጽሑፍ ያለው ስክሪን ወደ ግድግዳ የሚሄድ ገመድ አልነበረውም። የሚሰካው ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ ነው። የኮምፒውተሩ ሳጥን ኤሌክትሪኩን ከግድግዳ ተቀብሎ ለስክሪኑ ያሳልፍለታል፤ አንድ ማብሪያ ስትጫን ሁለቱም ይበራሉ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሶኬት። የቆዩ ዴስክቶፖች ጀርባ ላይ ከገመዱ ማስገቢያ በላይ ሌላ ቀዳዳ ያያችሁ ካላችሁ፣ እሱ የዚህ ዘመን ትዝታ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ቀስ በቀስ ጠፋ። ስክሪኑ ራሱን ቻለና የራሱን ሶኬት ጠየቀ። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ጠየቀ፣ ሞደሙ ጠየቀ፣ ስልኩ ጠየቀ። የምስሉም ገመድ እንዲሁ ተባዛ፤ በ1987 ቪጂኤ፣ በ1999 ዲቪአይ፣ በ2002 ኤችዲኤምአይ፣ በ2006 ዲስፕሌይ ፖርት። መሳቢያዬ ውስጥ አራቱም አሉ፤ ሁለቱ ምን እንደሚያገናኙ ረስቻለሁ።

ግድግዳው ግን አልተባዛም። ቤት ሲሠራ የሚገጠመው ሶኬት ብዛት የሠሪው ግምት ነው፤ ግምቱም ሁልጊዜ የትናንት ነው። በግምቱና በኑሮው መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ዲቫይደር ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ካምብሩክ የተባለ ኩባንያ በ1972 ባለ ብዙ ሶኬት ሰሌዳ አወጣና አገር ምድሩን ሞላው። ባለቤቱ ፍራንክ ባኒጋን ፓተንት አላወጣበትም ነበር፤ ያላወጣው ፓተንት እንደቆጨው በኋላ ተናግሯል። ይቆጫል እንጂ!

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ።

ሐምሌ ነበር፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እኔ ሁለቱ ስክሪኖች ፊት ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ቀና ስል አምፖሉ ይርገበገባል፤ ከዚያ ጠፋ፣ ሁሉም ጠፋ። በስልክ መብራት ሳየው ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ ቀልጦ እንደ ሻማ አንድ ጎኑ ወርዷል። ከኮርኒሱ ጨርቅ ጋር አንድ ስንዝር አይሞላም የሚራራቁት። ከግድግዳው ማዶ የእማማ የልጅ ልጅ ትተኛለች።

ጠዋት እማማ መጥተው ቀና ብለው አዩ። "አላልኩህም? ሁለት ቴሌቪዥን በአንድ አምፖል!" አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት ስለማውቅ ነው። አልጋዬ ሥር ለጎረምሳ ቁርስ የምትበቃ አንድ ዓይን ያላት ስቶቭ ነበረችኝ። የዚያን ሌሊት ብርዱ ስለጠናብኝ ሻይ ጥጄባት ነበር፣ ከዚያም ለሙቀት ብዬ ሳልነቅላት ቀረሁ። ስቶቯ 1500 ዋት ናት፤ በ220 ቮልት ወደ 7 አምፒር ትስባለች። ሁለት ስክሪን፣ ላፕቶፕና ዋይፋይ አንድ ላይ 100 ዋት ቢሆኑ ነው፤ ግማሽ አምፒር አይሞሉም። ሽቦና ልል መጋጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከአምፒሩ ጋር እኩል አያድግም፤ አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስቶቯ ከጠረጴዛዬ 15 እጥፍ ብትስብ፣ ያ መጋጠሚያ ላይ የምታመጣው ሙቀት ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ለአምፖል የተሠራ ቀጭን ዕቃ ላይ ፎርዛ ሰክቼበት ነበር፤ ጥፋቱ ግን በሉቼ ተሳበበ።

እማማ በወሩ መጨረሻ "ለሁለተኛው ስክሪን ጨምር" አሉ። አሁን ደግሞ ተናደድኩ፤ ንዴቴ ሒሳብ ነበረው። ስክሪኑ 25 ዋት ነው፤ በቀን አሥር ሰዓት ቢበራ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣዳቸው 3500 ዋት ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ቢጋግሩበት የስክሪኔን የሁለት ሳምንት ይበላል። ይህን በወረቀት ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን በአክብሮት አጥፈው መሶቡ ላይ አስቀመጡት። ወረቀት አያሳምናቸውም፤ እኔንም በእሳቸው ቦታ ብሆን አያሳምነኝም ነበር።

ስለዚህ ቆጣሪው ዘንድ ወሰድኳቸው። አዲሶቹ ቆጣሪዎች ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች። የእኛው ላይ 1000 ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሆነ ተጽፏል። የግቢውን ሁሉ አጠፋን፣ ፍሪጁን ሳይቀር ነቀልን። የእኔን ጠረጴዛ ብቻ፣ ከቤታቸው ሶኬት ገመድ ስቤ አበራሁት። ቆመን ጠበቅን። ብልጭ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው "አንድ" አሉ። ከዚያ ዝምታ። "ቆመ እንዴ?" አሉ። በሠላሳ ስድስተኛው ሴኮንድ ላይ ሁለተኛዋ መጣች። የእኔን አጥፍተን ምጣዱን ሰካን። ቀይዋ መብራት በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ገደማ ብልጭ ትል ጀመር።

"ታዲያ ምጣዱ የሁላችን ነው፤ አንተም ትበላለህ" አሉ። ይህንንም መካድ አይቻልም፤ በየሳምንቱ ሁለት እንጀራ በሳህን ይመጣልኛል።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ገመዴን ልጠቀልል ስል፣ "ቆይ እስኪ" አሉኝ። "ያቺን ስቶቭህንም አምጣትና እንቁጠራት።"

ፊቴ የት እንደገባ አላውቅም። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ያውቃሉ፤ ሻይ ሲፈላ የቅርንፉድ ሽታ ግድግዳ አያግደውም። አመጣኋት፣ ሰካናት። በአሥራ ሁለት ሴኮንድ አምስት ጊዜ ብልጭ ትላለች። እማማ እስከ ሃያ ቆጠሩ፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ክፍል መስኮት አዩ እንጂ እኔን አላዩኝም። "እሳቱ ከዚህ ነዋ የመጣ" አሉ። "አዎ እማማ፣ ከዚህ ነው" አልኩ።

የስክሪኑ ጭማሪ ቀረ። ስቶቯ ወደ ጓዳቸው ገባች፤ ሻይ ስፈልግ እዚያ ሄጄ አፈላለሁ። ኤሌክትሪሺያን ጠርተን፣ ግማሹን እሳቸው ግማሹን እኔ ከፍለን፣ ከቆጣሪው የራሱ ብሬከር ያለው ባለ 2.5 ሽቦ እስከ ክፍሌ ተዘረጋ፤ የመሬት መስመሩም ተሳበ። ከጠረጴዛው ከፍ ብለው ሁለት ሶኬቶች ተተከሉ። ስወጣ ሶኬቶቹ እንደሚቀሩ ተስማምተናል። ዲቫይደሩን ወለል ላይ መተው ትቼ ጠረጴዛው ሥር በብሎን አሰርኩት፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉም ይወለወላል። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አልሰካም። መብራት ሲሄድ ስክሪኖቹን ነቅዬ፣ ተመልሶ ትንሽ ሲረጋ እሰካቸዋለሁ፤ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ አመጣጡ ነው። ገመዶቹን በአሮጌ ካልሲ ማሰር የራሴ ፈጠራ ነው፣ እኔም ፓተንት አላወጣሁበትም።

ባለፈው ዓመት ጭረት ያለበትን ስክሪን ሸጬ ዩኤስቢ ሲ ያለው ገዛሁ። ይህ መሰኪያ በ2014 የወጣ ነው፤ ምስልም ኃይልም በአንድ ገመድ ይሄድበታል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ለስልኮች ግዴታ አድርጎታል፤ ለላፕቶፖች ደግሞ የ2026 ሚያዝያን ቀጠሮ ያዘ። ግድግዳ ላይ ያልተቻለው ስምምነት እንደገና ከዕቃው በኩል መጣ ማለት ነው። አሁን ግድግዳው ላይ የሚሰካው ስክሪኑ ነው፣ ላፕቶፑን የሚመግበውም እሱ ነው። በ1981 ኮምፒውተሩ ስክሪኑን ያበላ ነበር፣ አሁን ስክሪኑ ኮምፒውተሩን ያበላል።

ጣሪያው ላይ አሁን አምፖል ብቻ አለ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ምጣዱ ሲሰካ ደግሞ የግቢው ቮልቴጅ ይወርድና ስክሪኑ ለአፍታ ጥቁር ይላል። ስለዚህ ማክሰኞና ቅዳሜ እማማ ሊጡን ይዘው በመስኮቴ በኩል ሲያልፉ ይጣራሉ፤

"ልጄ፣ ምጣዱን ልሰካ ነው! ሴቭ አድርግ!"